«ደከመኝ» ማለት የሚያድንበት መንገድ

ከላስ ቬጋስ ተነስቶ በኢንተርስቴት 15 አውራ ጎዳና ሎስ አንጀለስ ለመድረስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። መስኮቱን ዘግቶ፣ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ በመኪና ለሚሄድ ሰው መንገዱ ከተከፈተለት አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ተራ ጉዞ ነው። በሐምሌ ወር በሞተር ሳይክል ለሚሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዱ የሞሃቪን በረሃ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጥላ የለውም፤ ከአንዱ ማደያ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ይረዝማል። በረሃውን ጨርሶ የወጣን ሰው ደግሞ የሎስ አንጀለስ የመኪና ሰልፍ ይጠብቀዋል።

እኔ ላስ ቬጋስ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሞተር እነዳለሁ፤ የምነዳውም ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ነው። ስድስት ነን። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ሆቴል የሚሠራ አለ፣ ምግብ ቤት የከፈተ አለ። በሰልፉ ውስጥ የእኔ ቦታ የመጨረሻው ስለሆነ ሁሉንም ከኋላ አያለሁ። ከዚያ ቦታ ሆኜ ስከታተል አንድ ነገር ተረዳሁ፦ በሙቀት ውስጥ ቡድንን በሰላም የሚያደርሰው እያንዳንዱ ሰው ሳያፍር «ደከመኝ» ማለት መቻሉ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ይህን ቃል ማውጣት ይከብደዋል።

«ለምን በሐምሌ?» የሚሉን ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የክርስትና ቀን በምርጫ አይደለም። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ሎስ አንጀለስ የሚኖረው ጓደኛችን ሴት ልጅ ወለደና 80 ቀኑ ሲቆጠር የሐምሌ እሑድ ላይ ዋለ። ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን በቀትር ልንደርስ፣ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልንገኝ ተስማማን። ቅዳሜን የመረጥነው መንገዱንም አስበን ነው። ቅዳሜና እሑድን ላስ ቬጋስ ያሳለፈው የካሊፎርኒያ ሰው ሁሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ስለሚመለስ በሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ፣ ፕሪም የምትባለው ሥፍራ ጋ፣ መኪናው ለብዙ ኪሎ ሜትር ተጠባብቆ ይቆማል።

ነፋሱ ሲያቃጥል

ሞተር ላይ የወጣ ሰው ነፋስ ያቀዘቅዛል ብሎ ያምናል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ልክ ነው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚያ በታች እስካለ ድረስ ነፋሱ ከገላችን ሙቀት ይወስዳል። አየሩ 43 ወይም 45 ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚመታን ነፋስ ከዳቦ ምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ሙቀት ይጨምርብናል። ያኔ ገላን ሊያቀዘቅዝ የሚችለው ላብ ብቻ ነው፤ ላብም የሚያቀዘቅዘው ቆዳ ላይ ሲተን ነው።

የሞሃቪ አየር እጅግ ደረቅ በመሆኑ ላቡ ገና ብቅ ሲል ይተናል። ሸሚዝ አይረጥብም፤ ግንባር ላይ ጠብታ አይታይም። ሰውየው «እንዲያውም አላላበኝም» ይላል፤ ገላው ግን በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ እያጣ ሊሆን ይችላል። ጃኬቱን አውልቆ በካናቴራ የሚነዳ ሰው ይበልጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። የበረሃ ሰው በቀትር ተከናንቦ የሚሄደው በከንቱ አይደለም። እኛም እጅጌው ረጅም የሆነ ጃኬት እንለብሳለን፤ ከሥሩ በውሃ የተነከረ ሰደርያ እናደርጋለን። ጃኬቱ ነፋሱን ስለሚገታው ሰደርያው ቀስ እያለ ይተናል፤ እስከሚቀጥለው ማቆሚያም ደረትና ጀርባን ያበርዳል።

ውሃ ሲጠማ ብቻ አይጠጣም። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች በሙቀት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚመክሩት በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል እንዲጠጣ ነው። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል እንዳያልፍም ያስጠነቅቃሉ፤ ያለ ልክ የተጋተ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ ራሱ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ከውሃው ጋር ጨውና ምግብ ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዱ በሶ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎበት፣ በበረዶ ሣጥን ይዞ ይመጣል፤ እስካሁን ከዚያ የተሻለ የመንገድ ስንቅ አላገኘሁም።

የፍልሰታ ጾም ሙቀቱ ሳይበርድ ነሐሴ ላይ ይገባል። እስከ ከሰዓት በኋላ ውሃ የማይቀምስ ሰው ካለን በዚያ ሰሞን በረሃ አንገባም፤ ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቃለን። የጉዞው ቀን የሚወሰነው ከሁሉም ይልቅ ሊጎዳ በሚችለው ሰው ነው።

ስድስቱ ሞተረኞች

ቤከር የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ የዚህ መንገድ እኩሌታ ሳይደርስ ትገኛለች። እዚያ 41 ሜትር ቁመት ያለው ቴርሞሜትር ከ1991 ጀምሮ ቆሟል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁመቱ በጫማ ሲለካ 134 እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ከቤከር በስተሰሜን በሚገኘው ዴዝ ቫሊ በተባለው ሸለቆ፣ ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው ሙቀት በፋራናይት 134፣ በሴንቲግሬድ 56.7 ነበር።

በዚያው ሸለቆ ጁላይ 6 ቀን 2024 ስድስት ሞተረኞች አብረው ሲጓዙ ሙቀቱ 53 ዲግሪ ደረሰ። አንዱ ሞተ። ሌላው በጽኑ ታሞ ላስ ቬጋስ ሆስፒታል ተወሰደ። አራቱ እዚያው ታክመው ተለቀቁ። አየር ሲግል ስለሚሳሳ ለሄሊኮፕተር ክንፍ ጉልበት አይሰጥም፤ በዚህ ምክንያት የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሊደርስላቸው አልቻለም። በማግስቱ ላስ ቬጋስ ራሷ 48.9 ዲግሪ መዘገበች፤ ከተማዋ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ግላ አታውቅም ነበር።

በእነዚያ ሰዎች ላይ አልፈርድም። ቁጥራቸው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እንደ እኛ ስድስት ነበሩ፤ ብቻውን የነበረ አንድም ሰው አልነበረም። አብሮ መሄድ በራሱ አያድንም ማለት ነው። አብረን ስንሄድ እንዴት እንደምንተያይ ነው ልዩነቱ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት

ጉዞው የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በሐምሌ ላስ ቬጋስ በዚያ ሰዓት እንኳ 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ግን ፀሐይ የለም፣ መንገዱም ክፍት ነው።

ከመነሳታችን በፊት የጎማውን ነፋስ እንለካለን። የሚለካው ሞተሩ አዳሩን ቆሞ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ በጋለ አስፋልት ላይ ሲሽከረከር ግፊቱ መጨመሩ የታሰበበት ነው። መንገድ ላይ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ጎማውን ያላላዋል፤ የላላ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱንና ፍሬቻውን እናያለን። እያንዳንዳችን መዳፍ የምታህል ጣውላ እንይዛለን፤ የቀለጠ አስፋልት የሞተሩን ማቆሚያ እግር ስለሚውጠው ጣውላዋ ከሥሩ ትገባለች። በሐምሌ ቀትር የላስ ቬጋስ አስፋልት 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት መንገድ ላይ ወድቀው ቆዳቸው የተቃጠለ ሰዎች ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች ይመጣሉ፤ ይህን በሙያዬ አይቻለሁ።

ማቆሚያዎቻችንን የሚወስነው ትንሹ ታንክ ነው። ከመካከላችን በዕድሜም በልምድም ትንሹ የሚነዳው ሃርሊ ዴቪድሰን ፎርቲ ኤይት የሚባለውን ሞተር ነው፤ ታንኩ ስምንት ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ከላስ ቬጋስ እስከ ቤከር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእሱ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ፕሪም ላይ እንቆማለን፤ ከዚያ ቤከር፣ ከዚያ ባርስቶው፣ ከዚያ ቪክተርቪል። ትልቅ ታንክ ያለው ሰው ነዳጅ ባያስፈልገውም ይወርዳል፣ ሄልሜቱን ያወልቃል፣ ውሃ ይጠጣል። የታንኩ ትንሽነት ለሁላችንም ዕረፍት ሰጠን።

ሰልፉም ሥርዓት አለው። የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ፋውንዴሽን አንድ ቡድን ከአምስት እስከ ሰባት ሞተር እንዲሆን ይመክራል፤ ከዚያ ከበዛ ተከፍሎ መሄድ ይሻላል። መሪው የመስመሩን ግራ ይይዛል፣ ሁለተኛው ቀኙን፣ ሦስተኛው እንደገና ግራውን፣ እያለ ይቀጥላል። በሰያፍ ከፊት ካለው አንድ ሰከንድ፣ ትክክል ከፊት ካለው ሁለት ሰከንድ እንርቃለን። ጎን ለጎን አንነዳም፤ ጉድጓድ ወይም የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ቢመጣ እያንዳንዱ የሚሸሽበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ልምድ የሌለው ሰው ከመሪው ቀጥሎ ይሆናል፣ መሪው በስፖኪዮ እያየ ፍጥነቱን በእሱ አቅም እንዲለካ። ታንኩን በጣት ማመልከት ነዳጅ ማለት ነው፤ አውራ ጣትን ወደ አፍ መውሰድ ውሃ ማለት ነው። መኪና ገብቶ ቢለየን ለመድረስ ማንም አይፈጥንም፤ የሚቀጥለው ማቆሚያ የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ደህና ነኝ»

መሪያችን ጋሼ የምንላቸው፣ ለረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በዚያ የክርስትና ጉዞ ቤከር ላይ ስንቆም ሁሉንም ውሃ አጠጡ። ፎርቲ ኤይቱን የሚነዳው ትንሹ ልጅ ጠርሙሱን ተቀበለ፣ አፉን ነካ አድርጎ መለሰው። በኋላ እንደነገረኝ ብዙ ከጠጣ ሽንት ይመጣብኛል፣ በእኔ ምክንያት ትልልቆቹ ይቆማሉ ብሎ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቅጡ ሳይተኛ መምጣቱንም አልተናገረም። ይሉኝታ ያዘው።

ከቤከር ወጥተን ወደ ባርስቶው ስንገሰግስ መንገዱ ቆመ። ከፊት የሆነ ቦታ ተሳቢ ተገልብጦ ነበር። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ነፋስ የለም፣ ግራና ቀኝ ጨው የመሰለ ሜዳ ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲቆም ሙቀቱን የሚለቀው በነጂው እግር ላይ ነው። መኪናው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ይቆማል፤ ፈቀቅ ይላል፣ ይቆማል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በእንዲህ ያለ ጊዜ በመኪኖች መካከል ሾልኮ ማለፍ ለሞተረኛ ተፈቅዷል። ሕጉ በ2016 ወጥቶ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት ትራፊኩ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በማይበልጥበት፣ ሞተሩም ከመኪኖቹ በ24 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሚፈጥንበት ጊዜ ያን ያህል አደገኛ አይደለም። በኔቫዳ ግን ክልክል ነው፤ ልጁ መንዳት የተማረው ኔቫዳ ነው። ጋሼ ዞረው መሹለክ ይችል እንደሆነ በእጃቸው ጠየቁት። አውራ ጣቱን ከፍ አደረገ፤ እችላለሁ ማለቱ ነው።

ከኋላ ሆኜ ግን እግሮቹን አይ ነበር። ሞተሩ ሲቆም እግሩ መሬት የሚነካው ዘግይቶ ነው። ፊቱ ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ እሱ ይቆያል። ጡሩምባ ነፋሁ፣ መብራት አበራሁ፤ ሁላችንም ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣን።

«ምነው፣ ደህና ነህ?» አሉት ጋሼ።

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ ምንም አልሆንኩም።»

የሐበሻ መልስ ይኸው ነው፤ አልጋ ላይ ተኝቶ የታመመውም «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። በሥራዬ የተማርኩት «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ እንደማይጠቅም ነው። መልስ ማሰብ የሚፈልግ ጥያቄ ያስፈልጋል። «ቤከር ላይ ስንት ሊትር ቀዳህ? ቀጥለን የምንቆመው የት ነው?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና «ፕሪም» አለኝ። ፕሪምን ጎህ ሳይቀድ አልፈነው ነበር።

ሙቀት ከሁሉ በፊት የሚነጥቀው ማስተዋልን ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ማዞርና ብዙ ላብ ሲመጡ ገላ ተዳክሟል፤ ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ከወደቀ፣ የውስጥ ሙቀቱም 40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ወዲያው 911 ይደወላል፣ አምቡላንስ እስኪመጣም ገላውን ማቀዝቀዝ ይጀመራል። ከሁሉም የከፋው ግን የታመመው ሰው መታመሙን አለማወቁ ነው። የሚመዝንበት አእምሮ ራሱ ግሏል። አብሮ የመሄድ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ይገባኛል፤ ሌላ ሰው በቀዝቃዛ ዓይን እንዲያይልን ነው።

አጠገባችን የቆመ ተሳቢ ነበር። ሹፌሩ ጥምጥም ያደረጉ የፑንጃብ ሰው ናቸው፤ በካሊፎርኒያ መንገድ ብዙ የፑንጃብ ሹፌሮች አሉ። ነገሩን አይተው ጋቢናቸውን ከፈቱልን። 911 እየደወልን ልጁን አየር ማቀዝቀዣው ፊት አስቀመጥነው፤ ጃኬቱን አወለቅሁ፣ ልብሱን አረጠብሁ፣ ከበረዶ ሣጥኑ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ አንገቱና ብብቱ ሥር አደረግሁ። ጥያቄዎቼን ደጋግሜ ጠየቅሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ባርስቶው» አለ። የሕክምና ሰዎቹ በመንገዱ ጠርዝ ደርሰው ሲለኩት ሙቀቱ ወርዷል፤ አእምሮውም ተመልሷል። ዕረፍትና ፈሳሽ አዘዙለት። የዚያን ቀን ከዚያ በኋላ መንዳት አልነበረበትም፤ ሹፌሩ እስከ ባርስቶው ወሰዱት፣ ሞተሩንም ከመካከላችን ሁለቱ በኋላ ተመልሰው አመጡት።

ካሆን መተላለፊያን ወርደው

ባርስቶው ስንደርስ፣ ምግብ ቤት ያለው ጓደኛችን ሞተሩን እዚያው አቁሞ መኪና ተከራየ፤ ልጁን ይዞት ሄደ። እኛ አራታችን ቀጠልን። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የካሆን መተላለፊያ ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ ይቀየራል፤ ከሳን በርናርዲኖ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው ኢንተርስቴት 10 ግን ቅዳሜም ቢሆን ይሞላል።

በእንዲህ ያለ ትራፊክ ሰልፋችንን እንፈታለን። በመኪኖች መካከል መሹለክ በቡድን የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የፊተኛው ያለፈበት ክፍተት ለኋለኛው ሲደርስ ተዘግቶ ይሆናል። የሚሾልክ ይሾልካል፣ በመስመሩ መቆየት የሚሻ ይቆያል፤ መገናኛው አስቀድሞ ተነግሯል። እኔ ከመጨረሻው ሰው ጋር እቀራለሁ። ማንም ብቻውን አይቀርም፤ ማንም ከአቅሙ በላይ እንዲነዳ አይገፋም።

ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ የሚል ስም በተሰጠው በፌርፋክስ ጎዳና ተገናኘን። ልጁ ቀድሞን ደርሶ እየበላ ነበር። እሑድ ማለዳ ሕፃኗ ስትጠመቅ ስድስታችንም ቤተ ክርስቲያን ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ አንድ ልማድ አመጡ። በየማቆሚያው ሄልሜታቸውን እንዳወለቁ፣ ማንም ሳይናገር፣ «እኔ ደክሞኛል፤ ጠምቶኛልም» ይላሉ። አንዳንዴ በእርግጥም ደክሟቸዋል፤ አንዳንዴ ገና ብርቱ ናቸው። ትልቁ ሰው ከተናገረ ትንሹ የሚያፍርበት ምክንያት እንደማይኖረው ስለሚያውቁ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ሁሉም በተራ ይናገራል፦ ምን ያህል እንደጠጣ፣ እንቅልፉን፣ ራሱን ያመመው እንደሆነ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ለሞሃቪ ብቻ አይደለም። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሞተር ለምትወርዱ፣ በገልፍ አገሮች በቀትር መንገድ ላይ ለምትሠሩም ያገለግላል። ሌሊት ተነሱ፤ ገላችሁን ሸፍኑ፤ ማቆሚያውን በትንሹ ታንክ ለኩ፤ «ደህና ነህ?» ከማለት «የት ነን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ መጀመሪያ «ደከመኝ» የሚለው ማን እንደሆነ ተስማሙ፤ ያም ሰው ከመካከላችሁ የምታከብሩት ይሁን።